የሁለተኛው ትራምፔት ወረቀት

ጥቅምት 6

ለተከበሩ አክስቴ፣

ጤናዎ እንደምን አለ? ጉልበትዎስ? ዓይንዎስ? እኔ ከሥራ ወደ አባቴ፣ ከአባቴ ወደ ሥራ መመላለስ ነው እንጂ ደህና ነኝ። ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ቤትዎን ሰላም ያድርግልኝ።

አባቴ ግን ደህና አይደለም። ግራ እጁ አልታዘዝ ብሎታል፤ ምላሱም ከብዶታል። አሁን ያለው በመጦሪያ ቤት፣ አራት አልጋ ባለበት ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል ነው። ከማተሚያ ቤት ስወጣ በቀጥታ እሱ ጋ እሄዳለሁ። የሚናገረው ጥቂት ነው። "ውሃ" ይላል፤ "መጋረጃውን" ይላል፤ ሌላ የቀረችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ "ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው የነፋሁት።" ይህችኑ በቀን ሃያ ጊዜ ይላታል። አስታማሚዎቹ ቋንቋውን ስለማያውቁ ጸሎት ይመስላቸዋል።

ነገሩን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። እኔ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የማውቀው የተነገረኝን ነው። ባለቤትዎ አጎቴ የፋብሪካውን ባንድ ይመሩ ነበር፤ አባቴ ሁለተኛ ትራምፔት ነበር። በፋብሪካው የሃያ አምስተኛ ዓመት በዓል፣ በእንግዳው ሁሉ ፊት፣ አባቴ ስምንት ባር ሙሉ፣ ስምንት የዜማ ክፋይ፣ አበላሽቶ ነፋ፤ እንግዶቹ ሳቁ። በማግሥቱ ሥራ አስኪያጁ "ጥፋተኛው ማነው?" ሲል አጎቴ "ወንድሜ ነው፤ ሳያጠና መጣ" አሉ። አባቴ ተባረረ። እኔን ይዞ አገር ለቀቀ። አጎቴ እስኪያርፉ ድረስ ሁለቱ አንድ ቃል አልተለዋወጡም።

አክስቴ፣ ወቀሳ አይደለም። ነገር ግን ሐኪሙ ዓመት አይሞላም ብሎኛል፤ አባቴም ያን ወረቀት በዓይኑ ሳያይ መሞት አይፈልግም። አጎቴ የጻፉትን ሁሉ በሳጥን ያስቀምጡ እንደነበር አውቃለሁ። የምለምንዎት ሁለት ወረቀት ነው፦ አንደኛው እሳቸው በእጃቸው የጻፉት የመሣሪያው ሁሉ ዋና ኖታ፤ ሁለተኛው ከዚያ ተገልብጦ ለአባቴ የተሰጠው የትራምፔቱ ኖታ። ሁለቱ ከተለያዩ አባቴ እውነቱን ነው ማለት ነው። ካልተለያዩ ደግሞ እሱንም ልወቀው። ጎረቤትዎ ሰዓት ሠሪው በስልኩ አንስቶ ቢልክልኝ ይበቃኛል፤ ካልሆነም ወረቀቱን በፖስታ ይላኩልኝ።

ልጅዎ

*

ኅዳር 2

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰንብተሃል? በሰው አገር የሚያስብልህን ሰው አያሳጣህ። እኔ ደህና ነኝ። ጣሪያው አሁንም ያፈሳል፤ ከሥሩ ባልዲ አድርጌ እኖራለሁ። ዓይኔ ለማንበብ እስካሁን አላስቸገረኝም፤ ባለፈው የላክህልኝን መጽሐፍ ሁለተኛ ጊዜ ጨረስኩት።

ስለ አባትህ፣ ስለ ዋርሳዬ የጻፍከውን አንብቤ ብዙ ቆየሁ። ያን የመሰለ ቁመና ያለው ሰው በአልጋ መያዙን ማሰብ አልቻልኩም። አስታማሚዎቹ ያገላብጡታል? ጀርባው እንዳይቆስል።

ሳጥኑን ከፈትኩት። ወረቀቶቹ አሉ። ዋናው ግን በእርሳስ የተጻፈ ስለሆነ ደብዝዟል። ሰዓት ሠሪው በስልኩ ሦስት ጊዜ አነሳው፤ ሦስቱንም ጊዜ ነጭ ሆኖ ወጣ። የትራምፔቱም እንደዚያው ነው። በፖስታ እንዳልከው ደግሞ ከማጠፊያው ላይ እየተቆረሰ በእጄ ይቀራል፤ ለመንገድ አይሆንም። እኔ ራሴ እንዳልገለብጠው እጄ ይንቀጠቀጣል።

ልጄ፣ አባትህን ያለፈው አልፏል በልልኝ። ሰው በዚህ ዕድሜው ዕረፍት ነው የሚያሻው።

አክስትህ

*

ኅዳር 27

ለተከበሩ አክስቴ፣

ደብዳቤዎ በደህና ደረሰኝ። የጤናዎን ወሬ በመስማቴ ደስ አለኝ፤ የጣሪያውን በመስማቴ ግን አይደለም። ቆርቆሮ የሚያለብስ ሰው ያናግሩ፤ እኔ አለሁ።

አባቴን "ያለፈው አልፏል ይሉሃል" አልኩት። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ስለዚህ ሌላ መንገድ አሰብኩ፤ እባክዎን እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

እኔ በምሠራበት ማተሚያ ቤት ለትምህርት ቤቶች የዘፈን መጽሐፍ እናትማለን። ኖታውን የምናዘጋጅበት ፕሮግራም እንደ ሌላው ኮምፒውተር ሥዕል የሚነካኩበት አይደለም። ጥቁር ስክሪን ነው። ነጥቡን በፊደል ይጽፉለታል፤ ከዚያ ትእዛዝ ሲሰጡት መስመሩን አስምሮ፣ ነጥቡን በየቦታው ሰክቶ ንጹሕ ገጽ ያወጣል። ለመጽሐፍ ብዬ የላክሁልዎት አሮጌ ኮምፒውተር ይችለዋል። ፕሮግራሙን በፍላሽ አድርጌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ፤ ሰዓት ሠሪው ይጫንልዎት።

ኖታ ማወቅ አያስፈልግዎትም፤ መቁጠር ብቻ ነው። አምስት መስመር አለ አይደል? የታችኛው መስመር ላይ የተቀመጠው ነጥብ ኢ ነው። ከሱ በላይ ባለው ክፍት ቦታ ያለው ኤፍ፤ ሁለተኛው መስመር ጂ፤ እንዲህ እያለ ይወጣል። አንድ ምት ለሚቆየው ከፊደሉ ቀጥሎ 4 ይጻፉ፤ ግማሽ ምት ለሆነው 8። ባሩ ሲያልቅ ቀጥ ያለች ሰረዝ ያድርጉ። ትእዛዞቹን በወፍራም ብዕር በሌላ ወረቀት ጽፌልዎታለሁ፤ ግድግዳ ላይ ይለጥፉት። የመጀመሪያው ፊደሉን ገጽ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ገጹን ያሳይዎታል፤ ሦስተኛው ያትመዋል። ኮምፒውተሩ የሚመልሳቸውን ሦስት ቃላትም ትርጉማቸውን አስቀምጫለሁ፦ "አላገኘሁም"፣ "ጎደለ"፣ "በዛ"። ቢቆጣዎት አይቀየሙት፤ ለሁሉም ሰው እንዲሁ ነው።

ሁለቱን ወረቀት ለየብቻ ይጻፉልኝ። እኔ እዚህ ሁለት ጽሑፍ የሚያስተያይ ትእዛዝ አለኝ። ልዩነት ካለ የቱ ጋ እንደሆነ ለይቶ ያወጣዋል፤ አባቴን ሰው ሳይሆን ማሽን ይፍረደው።

እንደማያሳፍሩኝ አውቃለሁ። ማንም ሳያስተምረው፣ በሃምሳ ዓመቱ በጋዜጣ ቁራጭ ፊደል የቆጠረ ሰው ይህ አያቅተውም።

ልጅዎ

*

ጥር 9

ይድረስ ለልጄ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ፤ ሥራህን ይባርክልህ። የዘገየሁት በስንፍና አይደለም።

የላክኸውን ሰዓት ሠሪው ጭኖልኝ ሄደ። ብቻዬን ቀርቼ ከግድግዳው ላይ እያየሁ የመጀመሪያውን ትእዛዝ ጻፍኩ፤ መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ አደረግሁበት። "አላገኘሁም" አለኝ። እንደገና ጻፍኩ። "አላገኘሁም።" ከስንት ሙከራ በኋላ ሰዓት ሠሪውን ጠራሁት። ጎንበስ ብሎ አየና ሳቁ አልቆም አለው።

"እማማ፣ አራት ነጥቡን ምን ሊያደርግልዎት?"

"ዓረፍተ ነገሩ አለቀ ብዬ ነዋ።"

"እሱ ዓረፍተ ነገር አያውቅም። ትእዛዝ ነው፤ ይዘዙት በቃ።"

"በሕይወቴ ማንን አዝዤ አውቃለሁ?"

"ይልመዱት እንግዲህ! ከእሱ ይጀምሩ።"

አራት ነጥቡን ሳነሳ ታዘዘኝ። ከዚያ ወዲያ "ጎደለ" እና "በዛ" ሲለኝ መስመሩን ስለሚነግረኝ ተመልሼ እቆጥራለሁ። ጥልፍ እንደመቁጠር ነው፤ እጅ ይለምደዋል። የመጀመሪያውን ገጽ አሳየኝ ብዬ ሳዘው አምስቱ መስመር ያለ አንዳች መንቀጥቀጥ ቀጥ ብሎ ወጣ። ነጥቦቹ እንደ ዶቃ እኩል ናቸው። ማን እንደጻፈው አይታወቅም። እንዲህ ያለ ነገር ድሮ ቢኖር ኖሮ ብዬ አሰብኩ።

ዋናውን ኖታ ጨርሻለሁ። በሰዓት ሠሪው ማተሚያ አትሜ፣ በባለቤቴ የእርሳስ ወረቀት ላይ ደርቤ በመስኮቱ ብርሃን አየሁት፤ ነጥቡ በነጥቡ ላይ ዐረፈ። በፍላሹ ልኬልሃለሁ። የትራምፔቱን እጀምራለሁ። የሰዓት ሠሪው ማተሚያ ቀለም ስለጨረሰ ትንሽ ሊዘገይ ይችላል።

አባትህ ይበላል?

አክስትህ

*

ጥር 30

ለተከበሩ አክስቴ፣

እጅዎ ይባረክ! ፍላሹን ከፍቼ ትእዛዙን ስሰጠው አንድም ባር አልጎደለም፤ አንድም አልበዛም። ሥራ ቦታ ላሉት አሳየኋቸው። "ማነው የጻፈው? ባለሙያ ነው?" አሉኝ። "አክስቴ ናት፤ ኖታ ነክታ አታውቅም" ስላቸው አላመኑኝም። አለቃዬ "ሥራ ከፈለገች አምጣት" አለ።

ዋናውን በትልቅ ወረቀት አትሜ ለአባቴ ወሰድኩለት። ትራሱን ደግፌ አስቀመጥኩት። በቀኝ እጁ ጣት ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ ወረደ። ክላርኔቱን አለፈ፤ አንደኛ ትራምፔቱን አለፈ፤ የራሱ መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ። ከንፈሩን እንደ ነፊ ሰብሰብ አደረገ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ትራምፔት አልነካም፤ ከንፈሩ ግን አልረሳም። ስምንቱን ባር በዚያ በከበደ ምላሱ ውስጥ ለውስጥ አዜመው። ሲጨርስ ራሱን ነቀነቀ።

"ይሄ ያማረው ነው። ይሄ የሱ ነው። የኔን አምጣ።"

ከታመመ ወዲህ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ይህ ነው። አክስቴ፣ ላስቸኩልዎ አልፈልግም፤ ግን ከዚህ ሳምንት ወዲህ ሾርባውንም መትፋት ጀምሯል። ሐኪሙ ስለ ወራት መናገር ትቷል። ለቀለሙ ትንሽ ገንዘብ በፖስታው ውስጥ አድርጌያለሁ። ግን ማተም አያስፈልግዎትም፤ ፊደሉ ብቻ ይበቃኛል። የሚቀረው አንድ ገጽ ነው።

ልጅዎ

*

የካቲት 26

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እንደምን ከርሟል አባትህ? የደከመውን የሚያበረታ፣ የታመመውን የሚፈውስ አምላክ ከራስጌው አይራቅ። አንተንም የወጣህበትን እንጀራ ያስፋልህ፤ ክፉ አያሳይህ፤ ወጥተህ ለመግባት ያብቃህ። ሰዓት ሠሪውም ሰላም ብሎሃል።

የትራምፔቱ ወረቀት በፍላሹ አለ።

አክስትህ

*

መጋቢት 18

ለተከበሩ አክስቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ፍላሹ ከደረሰኝ አሥራ አንድ ቀኔ ነው። እንዴት ብዬ እንደምጽፍልዎት ሳወጣ ሳወርድ ቆየሁ።

ከዋናው ኖታ ላይ የሁለተኛውን ትራምፔት መስመር ብቻ ነጥዬ ለብቻው አስቀመጥኩ። ከዚያ ከላኩልኝ ጋር የሚያስተያየውን ትእዛዝ ጻፍኩ። ልዩነት ካለ ይጽፋል ብዬዎት ነበር። ከሌለ ምን እንደሚል ግን አልነገርኩዎትም፤ ምንም አይልም። ጠቋሚው ዝም ብሎ ወደሚቀጥለው መስመር ይወርዳል። ሦስት ጊዜ አዘዝኩት። ሦስቱንም ጊዜ ዝም።

ልደብቀው አስቤ ነበር። ግን በገባሁ ቁጥር "የኔስ?" እያለ እጄን ያያል። አትሜ ወሰድኩለት። ጣቱን አስኬደ። አራተኛው ባር ላይ ሲደርስ፣

"እንዲህ አልነበረም" አለ።

"አባ፣ ከወረቀቱ ነው የተገለበጠው።"

"ከየትኛው?"

"ካንተው። አክስቴ ጋ ካለው።"

እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። መስኮቱ ላይ ብርሃኑ ሲቀንስ እንኳ አልለቀቀውም። በመጨረሻ ወረቀቱን ደረቱ ላይ አስተኛው፤ በዚያ በከበደ ምላሱ ቃሉን አንድ በአንድ እየጎተተ ተናገረ።

"በወንድሜ ባንድ ውስጥ ሕጉ አንድ ነበር። ጆሮህ እንኳ ቢጠላው ወረቀቱን ንፋ። እኔ ያን ቀን ጆሮዬ ጠልቶት ነበር። ወረቀቱ ነው ብዬ ነፋሁ። አሁን ወረቀቱ ይሄ ከሆነ..." ትንፋሹ አጠረው። "ከወረቀት ጋር አልከራከርም። እኔ ነኝ እንግዲያ።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ያችን ዓረፍተ ነገር አንድም ቀን አላላትም። እኔ ደግሞ ሰለቸችኝ እል የነበርኩት ሰውዬ አሁን ናፍቃኝ እቀመጣለሁ።

ትናንት ጻፍ አለኝ። ቃሉን እንዳለ አስቀምጬዋለሁ፦ "እትዬ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የወንድሜን ስም በልቤ ሳጠፋ ኖርኩ። ዋሸብኝ ብዬ ለቀብሩ እንኳ አልመጣሁም። ለካ የዋሸሁት እኔ ነበርኩ። እሱን አላገኘውም፤ በሱ ፈንታ እርስዎ ይቅር በሉኝ።"

መልስዎን ይጠብቃል። እባክዎን ቶሎ ይጻፉለት፤ አንድ መስመር ትበቃዋለች።

ልጅዎ

*

ሚያዝያ 10

ልጄ፣

ደብዳቤህ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ፤ ዛሬውኑ እጽፋለሁ። ይህን እንዳነበብክ ወደ አባትህ ሂድ። ሰላምታውን ዝለለው።

አባትህ አልዋሸም። ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው የነፋው። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ባለቤቴ ዋናውን ይጽፋል፤ የየመሣሪያውን ግን እሱ አይገለብጥም ነበር። አሥራ አራት ሰው ነው የሚነፋው፤ ጊዜ ከየት ያምጣ? እኔን አስቀምጦ ይሰጠኛል። ያኔ ፊደል አልለይም፤ ኖታማ ምኑም አይገባኝም። እኔ የማየው ነጥብና መስመር ነው። የመጀመሪያውን ነጥብ ከመስመሩ አስተካክዬ አስቀምጥና የቀረውን ካለፈው ነጥብ እየለካሁ እሄዳለሁ፤ አንድ ወደ ላይ፣ ሁለት ወደ ታች፣ ባለበት። ትራስ ስጠልፍ እንደምቆጥረው። ማንም አያውቅም ነበር። ባለቤቴ "በእጄ የገለበጥኩት" እያለ ያድላቸዋል፤ እኔም ይህ እንደ ሽልማት ይቆጠርልኝ ነበር።

በበዓሉ ዋዜማ መካከለኛውን ክፍል ለወጠው። በበዓሉ ጠዋት ስምንቱን አዲስ ባር በሩጫ ስገለብጥ የሁለተኛውን ትራምፔት የመጀመሪያ ነጥብ በክፍቱ ቦታ ማስቀመጥ ሲገባኝ ከሥሩ ባለው መስመር ላይ አስቀመጥኩት። የቀረው ሁሉ ከሱ እየተለካ ተከተለው። ስምንቱም ባር አንድ ደረጃ ወርዶ ቀረ። ሊለማመዱት ጊዜ አልነበረም፤ አባትህ ወረቀቱን የተቀበለው በቀጥታ መድረኩ ላይ ነው።

ባለቤቴ ያን ዕለት ወረቀቱን ይዞ ገባ። ከዋናው ጋር አስተያየው። ቀና ብሎ አየኝ። "ምነው?" አልኩት። "ምንም" አለኝ። በማግሥቱ ለሥራ አስኪያጁ ምን እንዳለ አንተው ጽፈኸዋል። ኖታውን ፊደል የማትለይ ሚስቴ ናት የምትገለብጠው ብሎ እንዴት ይናገር? ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእኔ አንድ ወረቀት አልሰጠኝም። ያኔ ገባኝ። ከዚያ በኋላ እስኪሞት አሥራ ሦስት ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን አላነሳውም፤ እኔም አላነሳሁትም።

አባትህ ሊሄድ ሲል አንተን በእጁ ይዞ ደጃፌ ድረስ መጣ። አልገባም። "እትዬ፣ ሌላው ይቅር፤ እርስዎ ያምኑኛል?" አለኝ። "እኔ ምን አውቄ" አልኩት። ያውም አውቄ።

ፊደል የተማርኩት ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ነው። ሰው ሁሉ መጽሐፍ መውደዴ ይመስለዋል። እኔ ያን ወረቀት ማንበብ እንድችል ነበር፤ ፊደሉ ግን ለዚያ አይበቃም። አንተ ኢ ይሄ ነው፣ ኤፍ ይሄ ነው ብለህ ስትጽፍልኝ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩት።

ስልኩ አያነሳውም ያልኩህ ለእርሳሱ እውነት ነበር። የትራምፔቱ ግን በቀለም የተጻፈ ነው፤ ጥርት ብሎ ይታያል። መጀመሪያ እንዳለ ጻፍኩት። ገጹን አሳየኝ አልኩት፤ ከዋናው አጠገብ አስቀምጬ አየሁት። ከዚያ ተመልሼ ስምንቱን ባር አንድ አንድ ደረጃ ከፍ አደረግኳቸው። ፊደል በፊደል። ያኔ ሳላውቅ አጠፋሁ፤ አሁን እያወቅሁ አስተካከልኩ። ይህን አድርጌ ስጨርስ ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ማንም እንዳያየው ብዬ። አሁን የሚያሳይ ነገር የለኝም።

ግን እያንዳንዱን ነጥብ አውቀዋለሁ። ዛሬ እንደገና ጽፌዋለሁ፤ በፍላሹ አለ። አስተያየው፤ አሁን ዝም አይልም። ለአባትህ አሳየው። ይቅርታ ጠያቂዋ እኔ ነኝ በለው። ልምጣ ካልከኝም በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ።

አክስትህ

*

ሐምሌ 4

አክስቴ፣

ደብዳቤዎ ግንቦት 2 ቀን ደረሰኝ። ሥራ ቦታ ቆሜ አነበብኩት። እዚያው ትእዛዙን ጻፍኩ። ስምንት ባር አወጣ፤ አንድ በአንድ፣ ከላይ እስከ ታች። አትሜ ሮጥኩ።

አባቴ ነቅቶ ነበር። የጻፉትን ቃል በቃል አነበብኩለት። ፊደል አልለይም ያሉበት ጋ ስደርስ እጁን አነሳ።

"እሷ? ስሟን በጣት አሻራ የምትፈርም ሴት? ኖታ?"

"እንደ ጥልፍ ነው የምቆጥረው ትላለች፣ አባ።"

"ወረቀቱስ?"

"አቃጥላዋለች።"

ሁለቱን ገጽ ጎን ለጎን ዘርግቼ ያዝኩለት። ሁለቱም ከአንድ ማሽን የወጡ ናቸው፤ መስመራቸው አንድ፣ ነጥባቸው አንድ፣ ንጽሕናቸው አንድ። አዲሱን በጣቱ ተከተለው። እንባው ወረደ። ያወቀው መሰለኝ፤ አክስቴ፣ እውነቴን ነው፣ ለአንድ አፍታ ያወቀው መሰለኝ።

"ይሄ ነው የነፋሁት" አለ።

"አዎ አባ! ይሄ ነው! ወረቀቱ ላይ የነበረው!"

"አይደለም። የነፋሁት ነው እንጂ የተጻፈው አይደለም። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ነበረች፤ ሰምታኛለች። የሰማችውን ነው የጻፈችልኝ።" የመጀመሪያውን ገጽ ነካው። "ይሄኛው ከወረቀት ነው።" ሁለተኛውን ነካ። "ይሄኛው ከልቧ ነው። ባንድ ውስጥ በልብ አይነፋም።"

ሰባት ሳምንት ለመንኩት። ደብዳቤዎን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩለት አላውቅም። በቁጣም ሞከርኩ። "ታዲያ እሷ ለምን ትዋሻለች?" ስለው "እኔ እንዲቀለኝ ነዋ" ይለኛል፤ እንደ ሞኝ እያየኝ። በኋላ በኋላ ሲደክመው ዓይኑን ጨፍኖ ያሳልፈኛል። ሰኔ 21 ቀን ከሥራ ስደርስ አልጋው ተነጥፎ ነበር።

ለመጻፍ የዘገየሁት ቃል ስላጣሁ አይደለም። ብዙ ቃል ነበረኝ፤ ሁሉንም ቀደድኩት። እኔ አምንዎታለሁ። ጥልፉን፣ ያቺን የመጀመሪያ ነጥብ፣ በሩ ላይ ያሉትን ሁሉ አምናለሁ። በር ላይ እጁን ይዤ ቆሜ ነበር ብለዋል፤ እኔ አላስታውሰውም።

ልምጣ ላሉት፣ አይምጡ። ኮምፒውተሩ እዚያው ይቆይ፤ መጽሐፍ ያንብቡበት።

ከመሞቱ ሁለት ቀን በፊት መልእክት ሰጥቶኛል። "ደግ ሴት ናት። በዚህ ዕድሜዋ የሰው ጥፋት ልትሸከም ተነሳች። እንዳታሳፍራት። 'አምኗል፤ ይቅር ብሏል' ብለህ ጻፍላት" ነው ያለው።

እንዳመነ እንድነግርዎት አዞኛል፤ ነግሬዎታለሁ። አላመነም።

የወንድምየው ልጅ